የቆርኪዋ ድርሻ

የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በተርታ የተደረደሩ ቆርኪዎች አሉ። የምጠግናቸው ስልኮች ብሎን ከጤፍ ብዙ አይበልጥም፤ አንዴ ከወደቀ አይገኝም። ስለዚህ የጀርባውን ብሎን በአንዱ፣ የባትሪውን በሌላው፣ የካሜራውን ደግሞ በሌላ ቆርኪ ለይቼ አኖራለሁ። እንዲህ አድርግ ብሎ ያስተማረኝ የለም። ጥገናውንም ቢሆን ራሴ ፈትቼ፣ ራሴ ገጥሜ፣ አንዳንዱንም አበላሽቼ ነው የለመድኩት። ከቆርኪዎቹ መካከል ግን ብሎን የማላስቀምጥባት አንዲት አለች። ጥርሷ ባንድ ወገን ተጣሟል። ቀለሟ ተፍቆ የምን መጠጥ እንደነበረች አይነበብም። ውስጧ የነበረው ላስቲክ ወልቋል።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ ክርን ነካትና ወደቀች። ሲሚንቶው ላይ እየተሽከረከረች ሄደች፤ ያ ቀጭን የቆርቆሮ ድምፅ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ መጥቶ ድንገት ጸጥ አለ። ደንበኛው «ውይ ይቅርታ» ሲለኝ እኔ ደብረ ብርሃን ሱቄ ውስጥ አልነበርኩም። መሐል ሜዳ ከተማ፣ የድሮዋ ክፍላችን ውስጥ፣ ከሱፍ በተሠራው ባና ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር።

እንግዲህ ልንገርህ። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነበር፤ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተረኛ ይሆናል፣ ሁለት ቀን ያርፋል። እናቴ የበግ ሱፍ ትፈትላለች፤ የፈተለችውን ባና ለሚሠሩት ሸማኔዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ቤታችን ሁልጊዜ ሱፍ ሱፍ ይል ነበር። በተለይ ዝናብ ጥሎ እርጥበቱ ሲገባ፣ ቅባት ያለው፣ ሞቅ ያለ ሽታ ከየጥጉ ይነሣል። እህቴ ታላቄ ናት። አራታችን የምንኖረው በዕድሜ የገፉ አንዲት መበለት ግቢ ውስጥ፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። እኚህን ባለቤት ልጁም አዋቂውም «እትዬ» ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ደመወዝ የወጣ ቀን «የድርሻ ቀን» ይባል ነበር። አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ገንዘቡን ለእናቴ ይሰጣታል። እሷም ባናውን መሬት ላይ ታነጥፍና ከአልጋው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ትስባለች። ከሣጥኗ ቁልፍ ይወጣል፤ እሱ የቤት ኪራይ ነው። ባዶ የክብሪት ቀፎ ይወጣል፤ መብራትና ከሰል። የደረቀ የበርበሬ ዛላ የምንበላው ነው፣ የእርሳስ ቁራጭ የእኔና የእህቴ ትምህርት፣ የጧፍ ቁራጭ ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የዕድር። እያንዳንዱን ዕቃ ባናው ላይ በየቦታው ታስቀምጥና ድርሻውን ከሥሩ ታደርጋለች። ሁላችንም ከበን እናያለን፤ የፈለገም ይከራከራል።

«ከሰሉ በዛ» ይላል አባቴ።

«ውርጩን አንተ ልትመልስልን ነው?» ትለዋለች።

«እማዬ፣ ደብተሬ አልቋል» ትላለች እህቴ።

«ባለፈው ወር አልቋል ያልሽው ደብተር መሀሉ ላይ ስንት የአበባ ሥዕል ነበረበት? እሱን ጨርሺው።»

እኔ የአምፖሉን ብርሃን አያለሁ። ነፋሱ በጣሪያው ሥር ሲገባ አምፖሉ ይወዛወዛል፤ ያን ጊዜ ቁልፉም ዛላውም ባናው ላይ ጥላቸው ይረዝማል፣ ያጥራል።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ እናቴ እጇን እንደገና ወደ ሣጥኗ ትሰዳለች። ይህችን ነበር የምንጠብቃት። ቆርኪዋን ታወጣና ባናው ዳር በአፏ ትደፋታለች። ከሥሯ የምትገባው ከሁሉም ያነሰችው ናት። እሷ የሳቅ ድርሻ ናት።

ሕጉን ያወጣችው እናቴ ነበረች። የቆርኪዋ ድርሻ በዚያው ወር ታልቃለች እንጂ ለሌላ ወር አትቀመጥም። ለብቻ አትበላም፤ አራታችንም ያለንበት ነገር ላይ ትውላለች። ጠቃሚ ዕቃ አይገዛባትም። ተራው በየወሩ ይዞራል፤ ባለተራው የወደደውን ይመርጣል፣ የቀረነው ሳናጉረመርም እንከተላለን።

እህቴ አንድ ጊዜ አንድ እስር ሸንኮራ ገዛች። በራፋችን ላይ ተደርድረን ስንመጥ ውለን ምጣጩ እንደ ክምር ከፍ አለ። ሌላ ጊዜ ፎቶ ቤት ወሰደችን። በዚያ ፎቶ ላይ የሦስታችን ጥርስ ይታያል፤ አባቴ ግን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል። እኔ በተራዬ ኳስ የሚያሳዩበት ቤት አስገባኋቸው። እናቴ ማን ከማን እንደሚጫወት ሳትጠይቅ አንደኛው ወገን ሲያገባ እልል አለች። ሌላኛው ሲያገባም እልል አለች። ከኋላችን የነበሩት ወጣቶች «እናት፣ የማን ደጋፊ ነዎት?» ቢሏት «የገባለት ሁሉ ልጄ ነው» ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው።

የእናቴ የራሷ ምርጫ ግን አይለወጥም። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ትወስደናለች። የገበያ ነጠላዋን ትለብሳለች፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ስትል እናቴ ፊቷ ይበራል።

«ቆይ እስኪ የኔ ልጅ፣ አልቸኮልኩም» ትላታለች። «ዞረሽ ነይና ደግመሽ ጠይቂኝ።»

አስተናጋጇ ግራ ተጋብታ ትሄዳለች፤ እኛ በጠረጴዛው ሥር እግር እንረጋገጣለን። የምታዘው መቼም ሻይና ፓስቲ ነው። ሌላ አዝዛ አታውቅም። እሷ የምትወደው ቁጭ ብላ መጠየቁን ነበር። ቀኑን ሙሉ ስታቀርብ የምትውል ሴት ናትና ወር አልፎ ወር ተተክቶ አንድ ቀን ሲቀርብላት፣ ያችን ደቂቃ በተቻላት መጠን ታረዝማታለች።

ችግሩ አባቴ ነው። ተራው ሲደርስ ጨነቅ ይለዋል። ገንዘብ በእጁ ይዞ የማይጠቅም ነገር መግዛት አይሆንለትም። ባለፈው ተራው ምን ይዞ መጣ መሰለህ? ገመድ። ረጅም፣ ጠንካራ የናይለን ገመድ።

እናቴ ገመዱን አየችው፤ እሱን አየችው። «ይሄ ያስቃል?»

«አያስቅም» አለ አባቴ፤ መዋሸት አይችልም። «ግን ርካሽ ነበር።»

እህቴ ገመዱን ከእጁ ነጠቀችና ወደ ግቢው ወጣች። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ገመድ ዘለልን፤ እናቴም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ዘለለች፣ እትዬ ምርኩዛቸውን እየመቱ ቆጠሩላት። አባቴ አንደኛውን ጫፍ ይዞ ያዞር ነበር። ከንፈሩ ባንድ ወገን ፈገግ አለ እንጂ አልሳቀም። ስንጨርስ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ሚስማር ላይ ሰቀለው። «ይጠቅማል» አለ።

እኔና እህቴ አባታችን ሲስቅ ሰምተን አናውቅም ነበር። እናቴ ግን ሰምታለች፤ ያቺ ቆርኪም የዚያ ቀን ናት። ከገጠር መሐል ሜዳ እንደገቡ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ቀን፣ አንድ ለስላሳ ለሁለት ገዙ። እናቴ ከዚያ በፊት ቀምሳ አታውቅም። አንድ ጊዜ ጎንጨት ስትል ጋዙ በአፍንጫዋ ወጣና አስነጠሳት፤ የጠጣችው ሁሉ አባቴ ሸሚዝ ላይ ሄደ። «ኮፍያው ከራሱ እስኪወድቅ ድረስ ሳቀ» ትለን ነበር። «ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እንደሱ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።» ቆርኪዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ወሰደቻት። በኋላ ልጅ ሲመጣ፣ ኑሮው ሲወደድ፣ ወር ከወር ማገናኘት ሲከብድ ያ ሳቅ ቀረ። እናቴ ግን ድርሻውን መቁረጧን አላቆመችም፤ አንድ ቀን ይመለሳል ብላ ቦታውን የያዘችለት ይመስለኛል።

ያን ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ እትዬ በራፋችን ድረስ መጥተው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ እንደሚጨምሩ ነገሩን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «እኔም የምበላው ከዚሁ ነው፣ ምን ላድርግ ልጆቼ» አሉ። የዚያን ወር የድርሻ ቀን አባቴ ባናው ላይ ጎንበስ ብሎ ቆርኪዋን በጣቱ ገፋ አደረጋትና ወደ ቁልፉ አስጠጋት።

«ይቺ እዚህ ትግባ» አለ። «ከእንግዲህ ሳቁ ይቅርብን።»

ከአባቴ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። ሁላችንንም ሚኒባስ አሳፍሬ እስከ ጓሳ የሳር ሜዳ ድረስ ልወስዳቸው አስቤ ነበር፤ እህቴን እንኳ ሳልነግራት በሆዴ ይዣለሁ። እናቴን አየኋት። ቆርኪዋን አንሥታ በመዳፏ ያዘቻት።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ጭማሪው የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር ነው። የዚህ ወር ተራ ደግሞ ያንተ ነው። የመጨረሻ አንድ ጊዜ ውሰዳት። ገመድ አይደለም፣ አካፋ አይደለም፤ እንደ ሰው የሚያስደስትህን አድርግባት። ሳቅ ካልመጣልህ እኔው ራሴ እጥላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለሷ አላነሣብህም።»

ቆርኪዋን ዘረጋችለት። አባቴ ተቀብሎ በኮቱ የደረት ኪስ ከተታት።

ቅዳሜ ለብቻው ገበያ ወጣ። ሲመለስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ሰርግ ቤት ሰው ፈታው። ቀይ ሥጋ ነበር፣ ከጭኑ የተቆረጠ፣ የሚያበራ። ለበዓል እንኳ ያን ያህል ገዝተን አናውቅም። ከጎኑም በኮባ የተጠቀለለ ትንሽ ቅቤ ነበር። እህቴ ጮኸች።

«ሰኞ ማታ» አለ አባቴ፣ እጆቹን እያሻሸ። «ነገ ተረኛ ነኝ። ሰኞ አርፋለሁ፣ ተረጋግተን እንጠብሳለን፣ በደንብ እንበላለን። የፈለገ ይጠግባል።»

እናቴ ሥጋውን በጣቷ ነካ አድርጋ «ነነዌ አልደረሰም እንዴ?» አለች።

አባቴ ተቆጣ ማለት ይቻላል። አየህ፣ በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ አባቱ ለእርሻ ብለው አስቀሩት እንጂ። ከዚያ የቀረችው አንዲት ሀብት በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ በጣቱ አንጓ መቁጠር ነበረች። ግቢው ሁሉ ይጠይቀዋል። እትዬ እንዲያውም «መሪጌታ» ነበር የሚሉት፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ከልብ።

«ነነዌ የሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለ፣ አውራ ጣቱን በአንጓዎቹ ላይ እያስኬደ። «ለእኔ ነው ጾም የምትቆጥሪልኝ?»

እሑድ ማለዳ ወደ ሥራው ሄደ። እናቴ፣ እህቴና እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሊበተን ሲል ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል፣ ምህላ አለ፣ እንዳትቀሩ» አሉ። እናቴ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አለቀሰች ብዬ ቀረብ ስል ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «መሪጌታችን» አለች። «አይ መሪጌታችን!» ትንሽ ቆይታ ግን ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ምን እንዳሰበች አወቅሁ። አባቴ ስንት ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ እንደ ሰው ሊደሰት ቢነሣ፣ ገንዘቡ ሁሉ ገመድ ከመግዛት የባሰ ሆነበት።

«ዛሬ ቅበላ ነው» አለች እህቴ መንገድ ላይ። «እንጥበሰውና እንብላ። ለአባዬም እንውሰድለት።»

«ተራው የሱ ነው። ባለቤቱ በሌለበት እንዴት ይበላል? ደግሞስ ጥበቃ ቁጭ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን በሩ ላይ አድርጎ የጎረሰው ሥጋ ያስቃል?»

ቤት እንደገባን እናቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሥጋውን እንደ ጥብጣብ አሳስታ ዘለዘለችው፣ ጨውና በርበሬ አሸችው። «ቋንጣ ይሆናል» አለች። «የመንዝ ብርድ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።» ከዚያ ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ሚስማሩ ላይ አረፈ። አባቴ «ይጠቅማል» ያለው ገመድ! ከግድግዳ ግድግዳ ወጠርነውና ሥጋውን ተርታ በተርታ ሰቀልነው። ክፍላችን ትንሽ ስለነበረች ገመዱ ከበሩ ደፍ ጀምሮ በአልጋዎቹ ላይ አልፎ እስከ ጓዳው ጥግ ደረሰ።

ሰኞ ማለዳ አባቴ ከአዳር መጣ። በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አንዱ ዝልዝል ግንባሩን ጥፊ አቀመሰው። ቀና አለ። ሥጋውን አየ፣ ገመዱን አየ፣ እኛን አየ። በግንባሩ ላይ በርበሬ ተለጥፏል።

«ነነዌ» አለች እናቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ገባ።»

ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ። መሀል ላይ ቆመ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ፤ ረጅም ጊዜ ውስጡን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ቆርኪዋን አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት። እሷም ተቀብላ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠቻት።

ያን ቀንና በማግሥቱ ከሥጋው ሥር ጎንበስ ብለን እየሄድን ኖርን። ሽሮ እየበላን በርበሬ የተለወሰ ሥጋ ይሸተናል። እህቴ «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ያህል አልበደልንም» እያለች ጣሪያውን ታያለች። ከሩቅ የምህላው ደወል ይሰማል። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ቆርኪዋ መስኮቱ ላይ የጠዋት ፀሐይ ሲያገኛት ታበራለች፤ በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር አለች ወይስ ተጥላለች እያልኩ አያታለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከውጭ የምርኩዝ ድምፅ ሰማን። ድንጋዩን ቋ፣ ቋ እያደረገ ይቀርባል። እትዬ! ለኪራዩ ነገር ቁርጡን ሊሰሙ መጡ። አባቴ ከአልጋው ዘሎ ተነሣ። «ይሄን ሥጋ ካዩ፣ ኪራይ ከየት ላምጣ ብል ማን ያምነኛል?» አለ በሹክሹክታ። እህቴ ባናውን አፍሳ ገመዱ ላይ ወረወረችው፤ ሌላውን ብርድ ልብስ እኔ ደረብኩበት።

እትዬ ድመታቸውን አስከትለው ገቡ። ክፍሉን ለሁለት የከፈለውን ባና አዩት።

«ምነው፣ ባና ቤት ውስጥ ይሰጣል እንዴ?»

«ብርዱን እንዲመልስ ነው እትዬ» አለች እናቴ። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ድመቷ ግን አልተቀመጠችም። ባናው ሥር ሄዳ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ቆመች። አንዴ «ሚያው» አለች፣ ደግማ አለች። እህቴ በእግሯ ልታባርራት ስትል ድመቷ ተስፈንጥራ ባናው ላይ ተንጠለጠለች፤ ባናው ከነድመቷ ወረደ። ከነብርድ ልብሱ።

እትዬ ዓይናቸው ከበሩ እስከ ጓዳው ቀስ ብሎ ሄደ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ኪራይ ስል ፊታችሁ አመድ ይመስላል፤ ለካ ቤታችሁ ልኳንዳ ኖሯል!»

«እትዬ፣ እንደሱ አይደለም» አለ አባቴ። ላቡ መጣ። «አልቀመስነውም። ሰኞ ልንበላው የገዛነው ነው፤ ጾሙ ደርሶብን ነው የሰቀልነው።»

«የምን ጾም?»

«ነነዌ።»

«ነነዌማ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። እርስዎ አይደሉ ያሉኝ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እኚህ ሴትዮ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም፤ ጆሯቸውም ደወሉን አይሰማም። ጾም የሚይዙት በአባቴ ጣት ነበር።

«ተሳስቻለሁ እትዬ» አለ። «ትናንት ገብቷል።»

እትዬ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ትናንት እርጎ ጠጣሁ እኮ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ ጠዋትም ጠጣሁ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ጮጮውን አንጠፍጥፌ! እንዴት ጣፍጦኝ እንደነበር! መሪጌታ፣ ምን አደረጉኝ? የንስሐ አባቴ ስግደት ቢያዙብኝ በየትኛው ጉልበቴ ነው የምሰግደው?»

«እኔ እሰግድልዎታለሁ እትዬ» አለ አባቴ፤ ከልቡ ነበር። «ሁሉንም እሰግዳለሁ።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወለሉ ላይ ወደተኛችው ድመት ጠቆሙ።

«እሷም ጠጥታለች» አሉ።

አባቴ ድመቷን አያት። ድመቷ አባቴን አየችና ጢሟን ላሰች።

«እንግዲያው የእሷንም…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ትከሻው ነው መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው። ቀጥሎ አፍንጫው ፉጨት የመሰለ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ምን እንደምልህ አላውቅም፣ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ሆኖ የቆየ ነገር ተከፈተ። ሆዱን ይዞ ጎንበስ ሲል ኮፍያው ወደቀ። ቀና ሲል ዝልዝሉ እንደገና ግንባሩን መታው፤ ባሰበት። ግድግዳውን ተደገፈ፣ እንባው በበርበሬው ላይ ወረደ። እትዬ ሊቆጡ ሞከሩ፣ ከንፈራቸው እንቢ አለ፤ ምርኩዛቸውን እየመቱ ሳቁ። እህቴ አልጋው ላይ ተንከባለለች። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ዓይኔን ከእናቴ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። እንዝርቷን እንደያዘች ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ታዳምጥ ነበር፤ ሰው ሩቅ አገር የቆየ ዘመዱ በር ላይ ሲጠራው እንደሚያዳምጥ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደችና ቆርኪዋን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

ሐሙስ እለት ቋንጣው ፍርፍር ሆነ። ቅቤው ሲቀልጥ ሽታው ግቢውን ሞላ። እትዬ ከላይ ተቀመጡ፤ ጮጮ ሙሉ እርጎ ይዘው መጥተው ነበር። አባቴ ሊያጎርሳቸው እጁን ሲዘረጋ እጁን ያዙት።

«ዛሬስ ሐሙስ መሆኑን አጣርተዋል?»

ኪራዩ አልቀነሰም። በሚቀጥለው የድርሻ ቀን እናቴ ከዛላውም፣ ከክብሪቱም፣ ከጧፉም ትንሽ ትንሽ ቆንጥራ ወደ ቁልፉ አሳለፈች። ከቆርኪዋም ቆነጠረች፤ ድርሻዋ በጣም አነሰች። ግን ከሣጥኑ አውጥቶ ባናው ላይ የደፋት አባቴ ነበር። «የማን ተራ ነው?» አለ፤ እያወቀ። እኔም ወደ ጓሳ ወሰድኳቸው። ለመሄጃና ለመመለሻ ከበቃን በኋላ የተረፈ አልነበረም፤ ከቤት የያዝነውን ቆሎ ሳሩ ላይ በላን። እናቴ ወደ ኋላ ተጋድማ ደመናውን እያየች «እዚህስ የሚጠይቅ አስተናጋጅ የለም» አለች። አባቴ ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለላት። «ምን ልታዘዝ እመቤቴ?» የሳቋ ድምፅ እስከዛሬ ያን ሜዳ አቋርጦ የሚሄድ ይመስለኛል።

አሁን እህቴ ራቤል ከተማ ነው ትዳሯ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ እትዬ አርፈው ግቢው ለልጃቸው ቢተላለፍም ከዚያችው ክፍል አልለቀቀም። እናቴም አርፋለች። ቆርኪዋን የሰጠችኝ ሥራ ልፈልግ ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ ነው፤ «ገንዘብ ስትይዝ መጀመሪያ ለቁልፉ፣ ግን እሷንም እንዳትረሳት» ብላኝ። በየወሩ መጨረሻ ጠረጴዛዬን አጸዳና እንደሷ ድርሻ ድርሻ አደርጋለሁ፤ ቁልፍ አለኝ፣ ክብሪት አለኝ። ለብቻ አትበላም የሚለው ሕግ ስላልተሻረ በቆርኪዋ ድርሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አባቴ እሄዳለሁ።

ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ ይደውላል። «የማን ተራ ነው?» ይለኛል። ቆጠራውን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።

ቆርኪዋ የወደቀችበት ሳምንት «የእማዬ» አልኩት።

ቅዳሜ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ገባን። ወንበሮቹ ተለውጠዋል፤ የፓስቲው ዘይት ሽታና የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት ግን ያው ነው። አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ጠረጴዛውን እየወለወለች መጣች።

«አባት፣ ምን ልታዘዝ?»

ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከወትሮው የበለጠ ዘገየ። ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ በራ።

«ቆይ እስኪ የኔ ልጅ፣ አልቸኮልንም» አላት። «ዞረሽ ነይና ደግመሽ ጠይቂን።»